«የሚሉ አሉ» ተቆርጦ ሲቀር

ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖር ሐበሻ እንግዳ ሲመጣበት የት የት እንደሚወስደው ይታወቃል። ወቅቱ የቼሪ አበባ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ኩሬው ዳር ነው። እዚያው ኩሬ ዳር የዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ሐውልት ቆሟል። ነጣ ካለ ግራናይት የተጠረበ፣ ቁመቱ ዘጠኝ ሜትር ገደማ የሚሆን፣ እጁን አጣምሮ የቆመ ሐውልት ነው። በ2011 ለሕዝብ ሲከፈት (ዓመቶቹ ካልገለጽኩ በቀር የፈረንጅ ናቸው) ጎኑ ላይ አንድ ጥቅስ ተቀርጾበት ነበር። «ለፍትሕ፣ ለሰላምና ለጽድቅ የባንድ መሪ ነበርኩ» የሚል።

የባንድ መሪ ማለት በሰልፍ ጊዜ ከሙዚቀኞቹ ፊት ፊት በትሩን እያወዛወዘ የሚሄደው ሰው ነው። ሕዝቡ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ቃሉ የተወሰደው ከስብከት ነው። ዶክተር ኪንግ ከሁሉም በፊት የባፕቲስት ፓስተር ነበሩ። በፌብሩዋሪ 1968፣ ከመገደላቸው ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ አትላንታ በሚገኘው ኤቤኔዘር ቤተ ክርስቲያን ስለ ዘብዴዎስ ልጆች ሰበኩ። «አንዳችን በቀኝህ፣ አንዳችን በግራህ እንቀመጥ» ብለው ጌታን ስለለመኑት ስለ ያዕቆብና ዮሐንስ። ሰው ሁሉ ከፊት መሆን ይወዳል፣ ይህ ፍላጎት ልጓም ካልተበጀለት ሰውንም አገርንም ያበላሻል ነው ትምህርቱ። ወደ መጨረሻው ስለ ራሳቸው ቀብር አነሱ። የኖቤል ሽልማት ማግኘቴን እንዳትጠቅሱ አሉ። ከዚያ ነው ያቺ ዓረፍተ ነገር የመጣችው፦ የባንድ መሪ ነበር ማለት ከፈለጋችሁ፣ የፍትሕ ባንድ መሪ ነበር በሉ።

ድንጋዩ ላይ የጠፋችው «ከፈለጋችሁ» ናት። አንዲት ቃል ብቻ። እሷ ስትወጣ፣ ራስን ከፍ ማድረግን ሲያወግዙ የነበሩት ሰባኪ ራሳቸውን ከፍ የሚያደርጉ ሰው ሆነው ቀሩ። ገጣሚዋ ማያ አንጀሉ «ትዕቢተኛ አስመሰላችሁት» ብላ በአደባባይ ተቆጣች። ክርክሩ ሁለት ዓመት ፈጀ። በኦገስት 2013 ጥቅሱ ተፋቀ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ ማንም ሊያዋርዳቸው አላሰበም። እንዲያውም ሊያከብሯቸው ነው ሐውልት ያቆሙት። ቦታው ስላልበቃ አሳጠሩት፣ አለቀ። ያለ ክፋት እንዲህ ከተበላሸ፣ ሆን ተብሎ፣ በምርጫ ሰሞን፣ በጦርነት ሰሞን ሲሆን ምን እንደሚመጣ መገመት አይከብድም።

የሃይማኖት አባት ቃል በፖለቲካ ክርክር ውስጥ ውድ ዕቃ ነው። ፖለቲከኛ የተናገረውን ሰው ይጠራጠራል። ጳጳስ፣ ሼኽ ወይም ፓስተር የተናገረውን ግን ብዙ ሰው በፍርሃትም በፍቅርም ይሰማል። ስለዚህ ሁሉም ያንን ቃል ወደ ራሱ ሊስብ ይሻማል። ብዙዎቻችን የምንፈራው የፈጠራ ወሬን ነው፤ ያልተባለውን ተባለ ማለትን። እኔ ግን ብዙውን ጉዳት የሚያደርሰው በትክክል የተባለው ነገር ነው ባይ ነኝ። ድምፁ የራሳቸው ነው፣ ቃሉ የራሳቸው ነው፣ የጎደለው አጠገቡ የነበረው ትንሽ ነገር ብቻ ነው።

አማርኛችን ደግሞ ለዚህ ሥራ ክፉኛ የተመቸ ነው። ነገሩን እናስበው። በእንግሊዝኛ ሰው የሌላውን ሐሳብ ሲጠቅስ «እንዲህ የሚሉ ሰዎች አሉ» የሚለው ከፊት ይመጣል። አድማጩ ገና ሳይሰማ ያውቃል። በአማርኛ ግን «ብሏል»፣ «ይላሉ»፣ «የሚሉ አሉ» የሚለው ብዙ ጊዜ ከኋላ ነው። «አይደለም» ከኋላ ነው። «ማለት አይቻልም» ከኋላ ነው። አንድ ሰባኪ እንበልና እንዲህ ብሎ ቢያስተምር፦ «ጎረቤትህን አትመነው፣ ቀድመህ ምታው የሚሉ አሉ። እነሱን አትስሙ።» ቪዲዮ የሚቆርጠው ሰው ምንም መድከም የለበትም። «ምታው» ላይ ሲደርስ ማቆም ነው። ሰባኪው በራሱ አፍ፣ በራሱ ድምፅ፣ ልብሰ ተክህኖውን እንደለበሰ፣ ጎረቤትህን ምታ አለ።

የሰባኪዎቻችን ልማድ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ጥሩ ሰባኪ ይተውናል። ሰይጣንን ሲጠቅስ በሰይጣን ድምፅ ነው፣ ፈርዖንን ሲጠቅስ እንደ ፈርዖን ደረቱን ነፍቶ ነው። አዳራሽ ውስጥ ላለ ሰው ግልጽ ነው፤ ይስቃል፣ እልል ይላል። ስልክ ላይ በአርባ ሰከንድ ለሚያይ ሰው ግን ያ ትወና የሰውየው አቋም ነው።

የነቢያቱ መጻሕፍት ይህን የፈሩት ይመስላል። «እግዚአብሔር እንዲህ ይላል» ብለው ይጀምራሉ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ይላል እግዚአብሔር» ብለው ይዘጋሉ። ከሁለቱም በኩል አጥር አጥረውለታል። በአንድምታ (በመጻሕፍት ትርጓሜ) ጉባኤም መጀመሪያ ንባቡ ይነበባል፣ ትርጓሜው ከዚያ ነው የሚከተለው። ንባቡን ሳትሰማ «አንድም» ማለት የለም። ቲክቶክ ላይ ግን ንባብ የለም። «አንድም» ብቻ ነው።

ወደ ፈረንጆቹ ልመለስ፣ ምክንያቱም ከሁሉ ይበልጥ የተመዘገበው የነሱ ነው። በፌብሩዋሪ 2016 ፖፕ ፍራንሲስ ከሜክሲኮ ወደ ሮም ሲመለሱ አውሮፕላን ውስጥ ከጋዜጠኞች ጋር ተነጋገሩ። እኚህ ሰው አውሮፕላን ላይ ሲሆኑ አንደበታቸው ይፈታ ነበር። አንዱ ጋዜጠኛ ስለ ዶናልድ ትራምፕና ስለ ድንበሩ ግንብ ጠየቃቸው። የትም ቦታ ቢሆን ድልድይ ሳይሆን ግንብ ስለ መገንባት ብቻ የሚያስብ ሰው ክርስቲያን አይደለም አሉ። ምረጡት አትምረጡት ወደሚለው ግን አልገባም አሉ። ከዚያም ይህን ብሎ ከሆነ ነው የምለው፣ በርግጥ እንደዚያ ማለቱ ይታይ፣ እስከዚያው አልፈርድበትም አሉ።

በአንድ መልስ ውስጥ ስንት «ከሆነ» እንዳለ አያችሁ? ዓለምን የዞረው ርዕስ ግን «ፖፑ፦ ትራምፕ ክርስቲያን አይደለም» የሚል ነበር። ትራምፕ በዚያው ቀን መለሱ። የሃይማኖት መሪ የሰውን እምነት መጠራጠሩ አሳፋሪ ነው አሉ። ሳውዝ ካሮላይና ላይ የፓርቲው የምርጫ ውድድር ሊደረግ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። የቫቲካን ቃል አቀባይ በማግስቱ ወጥተው ይህ ግለሰብን ለማጥቃት የተነገረ አይደለም፣ የምርጫ መመሪያም አይደለም ብለው አስረዱ። ማን ሰማቸው? ማብራሪያ እንደ ሰበር ዜና አይበርም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ደግሞ አንድ የፈጠራ ወሬ የሚያትም ገጽ «ፖፕ ፍራንሲስ ለትራምፕ ድጋፋቸውን ሰጡ» ብሎ ለቀቀ። ፍጹም ውሸት ነው። ከምርጫው በፊት በነበሩት ወራት ፌስቡክ ላይ ወደ 960 ሺህ የሚጠጋ ላይክ፣ ሼርና ኮሜንት አገኘ። አንድ ሰው፣ በአንድ የምርጫ ዘመን፣ በፌብሩዋሪ የትራምፕ ጠላት በጁላይ የትራምፕ ደጋፊ ሆኖ ዋለ። ሰውየው ግን ከመጀመሪያው «አልገባም» ነበር ያለው።

በዚያ ዓመት ማብቂያ ፍራንሲስ ለአንድ የቤልጅየም ካቶሊካዊ ሳምንታዊ መጽሔት ቃለ ምልልስ ሰጡ። መገናኛ ብዙኃን የሚያደርሱት ትልቁ ጉዳት ሳይሆን አይቀርም ያሉት የእውነትን ግማሽ ትቶ ሰውን ወደ አንድ ወገን መንዳትን ነው። ውሸት መፍጠርን አላሉም፣ ግማሹን መተውን ነው ያሉት። በዚያው መልስ ውስጥ ነውር ስለሚያሳድዱ ጋዜጦች ሲናገሩ አንድ ቀፋፊ፣ ከሰገራ ጋር የተያያዘ ንጽጽር ተጠቀሙ። በማግስቱ ብዙዎቹ ጋዜጦች ርዕስ ያደረጉት የትኛውን እንደሆነ ልንገራችሁ? ሰገራውን።

ዶክተር ኪንግም ከሐውልቱ ውጪ አልቀረላቸውም። በ1963 የዋሽንግተን ንግግራቸው ልጆቻቸው በቆዳቸው ቀለም ሳይሆን በጠባያቸው የሚመዘኑበት ቀን እንዲመጣ መመኘታቸውን ሁሉም ያውቃል። ይህቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ፕሬዚዳንት ሬገንን ጨምሮ ብዙ ፖለቲከኛ ለጥቁሮች ልዩ ድጋፍ መስጠትን ለመቃወም መዝዟታል። እዚያው ንግግር መግቢያ ላይ ግን ኪንግ አሜሪካ ለጥቁሮች ደረቅ ቼክ ሰጠች፣ ገንዘቡን ልንቀበል ነው የመጣነው ብለዋል። በሚቀጥለው ዓመት ባሳተሙት መጽሐፍ ደግሞ፣ በመቶ ለሚቆጠሩ ዓመታት በተለየ የተበደለ ሕዝብ አሁን በተለየ ካልተካሰ እንዴት እኩል ይሆናል ብለው ጠይቀዋል። ሰው በዚህ አለመስማማት መብቱ ነው። «ኪንግ ከእኔ ጋር ናቸው» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ቼኩን ወደ ጎን ትቶ ሕልሙን ብቻ መውሰድ።

እኛ ደግሞ ከቋንቋው ሌላም ጣጣ አለብን። ሰምና ወርቅ ስንፈታ ያደግን ሰዎች ነን። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ እያሉ ነው ያሳደጉን። ስለዚህ መምህሩ ስለ ናቡቴ የወይን እርሻ ሲያስተምር፣ አክዓብ የድሃውን መሬት እንዴት እንደቀማ ሲተርክ፣ ግማሹ ምእመን በልቡ የሚጠይቀው «ማንን ነው?» ብሎ ነው። ቤት በሚፈርስበት ሰሞን ከሆነ መልሱን ለማግኘት ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። ኮሜንት ላይ ስም ጠርቶ ይጽፈዋል። የዒድ ኹጥባም ከዚህ አያመልጥም። ኢማሙ ስለ ሙሳና ፊርዓውን ሲናገሩ ፊርዓውንን የሚፈልግ ሞልቷል።

እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ አድማጩ ልክ ነው። መምህሩ ወርቁን አስቦበት ነው የተናገረው። ሲጠየቅ ደግሞ «እኔ ያስተማርኩት ስለ አክዓብ ነው» ብሎ ሰሙን ይለብሳል። በዚህ ጊዜ «ቃሌን አጣመሙብኝ» የሚለው አቤቱታ ትንሽ ያስቀኛል። ግን አንዳንዴ በእርግጥ ስለ አክዓብ ብቻ ነው። በዚያ ወቅት የሚነበበው እሱ ስለሆነ እንጂ፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ሁለቱን ከውጭ ሆኖ መለየት ይቸግራል። ለዚህ ነው የርዕስ ሠሪዎቹ ሥራ የሚቀልላቸው። «ሰበር! አባታችን አፈነዱት» ብሎ ከፊት የአባን ፎቶ፣ ከጎን የባለሥልጣኑን ፎቶ መለጠፍ ይበቃል። ውስጥ ገብተህ አንድ ሰዓት ብትሰማ ያ ባለሥልጣን አንዴም አልተጠራም። ማን አንድ ሰዓት ይሰማል?

እኔም አድርጌዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሰባኪ የማልወደውን ወገን የሚገሥጽ አጭር ክሊፕ ደረሰኝ። ደስ አለኝ፣ ወዲያው የቤተሰብ ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት። አክስቴ ማታ ደውላ «ልጄ፣ ስብከቱን እስከ መጨረሻ ሰምተኸዋል?» አለችኝ። አልሰማሁትም። ቀጥሎ የሚገሥጸው የእኔን ወገን ነበር፣ ያውም በባሰ። አጥፍቼዋለሁ፤ ግን እስከዚያ ድረስ ስንቱ ወስዶ አሳልፎት ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። በትግራይ ጦርነት ወቅት፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 2013 መጨረሻ ላይ፣ የፓትርያርኩ የአቡነ ማትያስ ቪዲዮ ወጣ። በሞባይል የተቀረጸና ከአገር ወጥቶ የተለቀቀ ነው። ለመናገር ብዙ ጊዜ ሞክረው እንደተከለከሉ ገለጹ። በትግራይ ሕዝብ ላይ የሚፈጸመውን የዘር ማጥፋት ብለው ጠሩት። ከቤተ ክርስቲያኗ አመራር በኩል ብዙም ሳይቆይ መልስ መጣ፤ መልእክቱ የቅዱስ ሲኖዶስ አቋም አይደለም የሚል።

እዚህ የተቆረጠው ቃል አልነበረም። የተቆረጠው ወንበሩ ነው። ሰውየው የተናገሩት በማን ስም ነው የሚለው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የመጨረሻው ሥልጣን የቅዱስ ሲኖዶስ ነው፤ ፓትርያርኩ ርእሰ መንበሩ ናቸው። የሲኖዶስ መግለጫ አንድ ነገር ነው፣ የፓትርያርክ የግል ምስክርነት ሌላ ነገር ነው። አንዱ ወገን ልዩነቱን ዘሎ «ቤተ ክርስቲያን ተናገረች» አለ። ሌላው ወገን ደግሞ «የሲኖዶስ አቋም አይደለም» የምትለውን ይዞ ምስክርነቱ ራሱ ውሸት እንደሆነ አድርጎ አቀረበው። ከዚያ የባሰው ደግሞ «ትግሬ ስለሆኑ ነው» ብሎ ጨረሰው።

የሲኖዶስ አቋም አለመሆኑ እውነት ነው። ግን «የሲኖዶስ አቋም አይደለም» ማለት «አልሆነም» ማለት አይደለም። ያየውን የሚናገር ሰው ያየውን ነው የሚናገረው፤ ቃሉ የሚመዘነው ከሆነው ነገር ጋር ነው፣ ከማኅተም ጋር አይደለም። በተቃራኒውም የአንድ አባትን ሐዘን የሚሊዮኖች ቤተ ክርስቲያን ውሳኔ አድርጎ መሸጥ ለአባቱም አይጠቅምም። በዚያ ሰሞን ይህን የሚል ሰው ከሁለቱም ወገን ይሰደብ ነበር።

ሕጉስ? አገራችን ውስጥ የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን የሚመለከት አዋጅ አለ፤ ቁጥር 1185/2012 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው)። ሐሰተኛ መረጃ የሚለው ሐሰት የሆነ ንግግርን ነው፣ አሰራጩ ሐሰትነቱን እያወቀ ወይም ማወቅ እየተገባው ያሰራጨውን፣ ሁከትና ግጭት የማስነሳት ዕድሉ ከፍ ያለውን። እንግዲህ የተቆረጠ ክሊፕ ይዘህ ፍርድ ቤት ሂድ። የቱ ቃል ነው ሐሰት? አንዱም። ድምፁ የማን ነው? የአባ ነው። ነገሩ ግን ከነጭ ውሸት የከፋ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ይህን በሕግ ማጥበቅም አልመኝም፤ ማሳጠር ሁሉ ወንጀል ከሆነ ጋዜጠኛ የሚባል ሥራ የለም፣ ጥቅሱን የሚመርጥልን ደግሞ መንግሥት ይሆናል።

አሁን አሁን ሁሉም የሚያወራው ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። በሜይ 2025 ፖፕ ሊዮ አሥራ አራተኛ በተመረጡ በጥቂት ቀናት ውስጥ የቡርኪና ፋሶውን መሪ ካፒቴን ኢብራሂም ትራኦሬን ሲያሞግሱ የሚያሳይ 36 ደቂቃ የሚፈጅ ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ወጣ። ለጋዜጠኞች ያደረጉት ንግግር ምስል ተወስዶ ሌላ ድምፅ ተለጥፎበት ነው። ቫቲካን የሐሰት ነው አለች። ያስፈራል፣ አዎ። እኔ ግን ከዚህ ይልቅ መቀሱን ነው የምፈራው። የፈጠራ ቪዲዮ ሲመጣ ባለቤቱ «አላልኩም» ብሎ ይገላገላል። ሲቆረጥበት ግን «ብያለሁ፣ ግን...» ማለት አለበት። «ግን» ያለ ሰው ደግሞ ክርክሩን ግማሹን ተሸንፏል።

«ብያለሁ፣ ግን» ካሉት ሁሉ የሚበልጥብኝ የፖፕ ቤኔዲክት አሥራ ስድስተኛ ነው። ሴፕቴምበር 12 ቀን 2006 ጀርመን፣ ሬገንስቡርግ። ፖፑ ድሮ ቴዎሎጂ ያስተማሩበት ዩኒቨርሲቲ ነው። ያን ቀን ነጭ ቀሚስ የለበሱ ቢሆንም እንደ ፕሮፌሰር ነበር የተናገሩት። ርዕሱ እምነትና አእምሮ ነው፤ እምነት በኃይል መጫን ለምን ከእግዚአብሔር ባሕርይ ጋር እንደማይስማማ። መግቢያው ላይ ከአንድ የቢዛንታይን ንጉሥ፣ ከዳግማዊ ማኑኤል፣ ጠቀሱ። ንጉሡ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከአንድ የፋርስ ሊቅ ጋር ተከራክሮ ነበር። በዚያ ክርክር ውስጥ የእስልምናን ነቢይ የሚዘልፍ ኃይለኛ ዓረፍተ ነገር አለ። እዚህ አልደግመውም፤ ከደገምኩት ነገ ተቆርጦ የእኔ ይሆናል።

ቤኔዲክት ከመጥቀሳቸው በፊት ንጉሡ የተናገረው በሚያስደነግጥ ድፍረት እንደነበር ገልጸዋል። ይህ ማስጠንቀቂያ ግን ከዜናው ላይ ቀረ። «ፖፑ ነቢዩን ሰደቡ» ሆነ ወሬው። ከፓኪስታን እስከ ሞሮኮ ቁጣ ተነሳ። ዌስት ባንክና ጋዛ ውስጥ አብያተ ክርስቲያናት ተጠቁ። ሴፕቴምበር 17 ቀን ሞቃዲሾ ውስጥ ሆስፒታል ታስተምር የነበረች ጣሊያናዊት መነኩሲት፣ ሲስተር ሌዎኔላ ስጎርባቲ፣ በጥይት ተገደለች። ጠባቂዋም አብሯት ሞተ። ከንግግሩ ጋር ሊያያዝ ይችላል ተብሎ በስፋት ተነገረ። በዚያው ዕለት ቤኔዲክት ከሮም ወጣ ብላ ባለችው ካስቴል ጋንዶልፎ ጥቅሱ የእኔን ሐሳብ አይገልጽም ብለው፣ በተፈጠረው ነገር ማዘናቸውን ተናገሩ።

ቤኔዲክት ንጹሕ ናቸው ማለቴ አይደለም። ሰውየው አሁን ተራ ፕሮፌሰር አልነበሩም፤ የአንድ ቢሊዮን ካቶሊክ አባት ነበሩ። እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር ከጠቀሱ በኋላ «እኔ በዚህ አልስማማም» የምትል አንዲት አጭር ቃል መጨመር ምን ያስቸግራል? ትምህርቱ ውስጥ አልነበረችም። በኋላ በታተመው ጽሑፍ ላይ ነው የንጉሡ አነጋገር ተቀባይነት የሌለው መሆኑ የተጨመረው፣ ከግርጌ ማስታወሻ ጋር። እንግዲህ አንዱ የሚናገረው ለሺህ ዓመት የሚቆይ ጽሑፍ እንደሚጽፍ ሆኖ ነው፣ ሌላው የሚሰማው በአሥር ሰከንድ ነው። ከመናገሩ በፊት ይህን ማሰብ የተናጋሪው ፈንታ ነው፣ በተለይ ቆብ ወይም ጥምጥም ካለበት።

ከዚያ ሁሉ ግርግር ውስጥ የማረከኝ ሌላ ነገር ነው። ንግግሩ ከተደረገ ከአንድ ወር በኋላ ከተለያዩ አገሮች የተውጣጡ 38 የእስልምና ሊቃውንት ለፖፑ ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። ትምህርቱን ከዳር እስከ ዳር አንብበውታል። ይቅርታውን አልናቁትም። ግን አልተስማሙም፤ ያውም በብዙ ነገር አልተስማሙም። ስለ ጂሃድ፣ በሃይማኖት ማስገደድ የለም ስለሚለው የቁርአን ቃል፣ በእስልምና አእምሮ ስላለው ቦታ፣ ነጥብ በነጥብ እያነሱ ተሳስተሃል አሉ። ንጉሡ ያለውን ከፖፑ ቃል ለይተው፣ ፖፑ ራሳቸው ባሉት ላይ ነው የተከራከሯቸው። እንዲያ ሲሆን ክርክሩ ይጠነክራል እንጂ አይለዝብም። ምክንያቱም መሸሸጊያ የለውም፤ «አላልኩም» የሚባልበት ቀዳዳ የለም።

በኦክቶበር 2007 ቁጥራቸው 138 ሆኖ ሁለተኛ ደብዳቤ ላኩ፣ አሁን ለፖፑ ብቻ ሳይሆን ለሌሎች የክርስቲያን መሪዎችም ጭምር። ርዕሱ እግዚአብሔርን መውደድና ባልንጀራን መውደድ ነበር። በኖቬምበር 2008 ከሁለቱም ወገን ሰዎች ቫቲካን ውስጥ ተገናኝተው ሦስት ቀን ተነጋገሩ። ሲስተር ሌዎኔላ ያን ጊዜ ናይሮቢ ከተቀበረች ሁለት ዓመት አልፏት ነበር።